የሚወጣውና የማይወርደው፦ የማዕከልና የክልል ሙዚየሞች ዝምድና ከደቡብ ወሎ ሲታይ

በመስከረም 1888 ዓ.ም. የታወጀው የዐፄ ምኒልክ የክተት ዐዋጅ የሸዋን ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲከት ያዝዛል። ወረኢሉ ለዚህ የተመረጠችው በአጋጣሚ አልነበረም። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ወሎን ለመያዝ የጦር ሰፈር ያደረጓት ደጋ ናት። ሠራዊቱ ከተተ፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ተሻግሮ ዐድዋ ደረሰ። የዚያ ዘመቻ ትልቁ መታሰቢያ ሙዚየም በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ፒያሳ ላይ ተመረቀ። በዚህ ቅር የሚለው ሰው አለ፤ እኔ ግን አይደለሁም። መዲና የሀገር ታሪክ የሚታይበት ቤት ቢኖራት ደግ ነው። የኔ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ ታሪኩ የተጀመረበት ወረዳ ከዚያ ትልቅ ቤት ምን ይደርሰዋል? የአንድ ጋሻ ቅጂ? ለስድስት ወር የሚዋሰው ዕቃ? የተማሪ መማሪያ የሚሆን ፎቶግራፍ? ወይስ ሄዶ የሚያሠለጥን አንድ ባለሙያ?

ሙዚየሞች ሲተባበሩ የሚለዋወጡት ዕቃና ዕውቀት ነው። ዕቃው በውሰት፣ በቅጂ ወይም በምላሽ ይጓዛል። ዕውቀቱ ደግሞ መመዝገብ፣ ማጽዳት፣ ከምስጥና ከእርጥበት መጠበቅ፣ ለሕዝብ ማሳየት ነው። በሀገራችን ያለፈው መቶ ዓመት ሲጠቃለል ዕቃው ወደ ማዕከል ሲወጣ ኖሯል፤ ዕውቀቱ ግን በዚያው መንገድ ወደ ታች የወረደው በጣም በጥቂቱ ነው። ይህን ከደቡብ ወሎ ወረዳዎች፣ ከወረኢሉ፣ ከለጋምቦ፣ ከቦረና፣ ከሳይንት፣ ከመቅደላና ከተንታ ላይ ሆኖ መመልከት ይጠቅማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሀገሪቱ ከነበሩት ትልልቅ የቅርስ ክምችቶች አንዱ የተሰበሰበውም የተበተነውም እዚሁ ነውና።

ክምችቱ የመቅደላ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በአምባው ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰቧቸውን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በአብዛኛው ያመጡት ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ነበር። የብራና መጻሕፍቱ ብቻ ወደ 1000 ይጠጉ እንደነበር ይነገራል። በጎንደር ካህናት ዐይን ይህ ዘረፋ ነው፤ ንጉሡ ግን የተበታተነውን ሀገር አንድ የማድረግ አካል አድርገው ሳያዩት አልቀሩም። ስለ መቅደላ ቅርስ በተነሣ ቁጥር ይህን ክፍል ዘለን ወደ እንግሊዞች እንሮጣለን። መዝለል የለብንም። ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የወርቅ ዘውድ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ ለጎንደር ቁስቋም የሰጡት እንደሆነ ባለሙያዎች ይገምታሉ። ዘውዱ ነገ ቢመለስ ማረፊያው ቁስቋም ነው፣ መቅደላ ነው ወይስ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም? ዕቃው በመጀመሪያ ወደ አምባው የወጣው በማዕከል ኃይል ነበርና መልሱ ቀላል አይሆንም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሞቱ፤ አምባውም በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀ። ከጦሩ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የሆነው ሪቻርድ ሆልምስ አብሮ መጥቶ ነበር። ሙዚየም ሠራተኛውን ከሚዘምት ጦር ጋር የላከበት ታሪክ እንደመሆኑ፣ የሀገራችን የመጀመሪያው የሙዚየም ግንኙነት ብንለው ምሬት እንጂ ቀልድ አይደለም። የተዘረፈው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፈለ። ሆልምስ በሙዚየሙ ስም ገዛ። ከመጻሕፍቱ ወደ 350 የሚሆኑት ለንደን ገቡ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ አሉ። ወደ 600 የሚጠጉት ግን ለመሸከም ስለበዙ ጦሩ ሲመለስ ትግራይ ላይ ለጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ተሰጡ። የጎንደር መጻሕፍት በወሎ አምባ በኩል ዞረው ትግራይ ቀሩ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል የመጣው ምላሽ ሁሉ ከዙፋን ወደ ዙፋን ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥትንና ኵርዓተ ርእሱ የተባለችውን ሥዕል ጠየቁ። መጽሐፉ መጣ፤ ሥዕሏ ግን ሆልምስ ለራሱ አስቀርቷት ስለነበር አልመጣችም። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንግሊዝን ሲጎበኙ ከቴዎድሮስ ሁለት ዘውዶች አንዱ ለንግሥት ዘውዲቱ እንዲመለስ ተወሰነ። የተመለሰው የብሩ ነው፤ የወርቁ እዚያው ቀረ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ንግሥት ኤልሳቤጥ ለጉብኝት ሲመጡ የቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰጡ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሙዚየም የሚባል ተቀባይ የለም። ተቀባዩ ቤተ መንግሥት ነበር፤ ከቤተ መንግሥቱ ወዲያ ወዴት ይሂድ የሚል ጥያቄም አልተነሣም።

ሙዚየም እንደ ተቋም የበቀለው አዲስ አበባ ላይ ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ከፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች ጋር የተቋቋመው የአርኪዮሎጂ ተቋም ከሰሜን የቁፋሮ ግኝት ወደ መዲናዋ አመጣ። የዛሬው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ሙዚየም ያደገው ከዚያ ነው። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲከፈት የኢትኖግራፊ ሙዚየሙም አብሮ ተጀመረ፤ መስቀሉም ሥዕሉም የገበሬው ዕቃም ከየክፍለ ሀገሩ ወደዚያ ገባ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታውያን ቅርሶች ዐዋጅ ደግሞ የሕግ መሠረት ሰጠው። በቁፋሮ የተገኘ ሁሉ የመንግሥት ሆነ። መንግሥትም ማለት በዚያን ጊዜ ማዕከል ነበር። ኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ የተገኘችው ቅሪተ አካል ሉሲ በዚህ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሄደች። ዋናው አጥንት በካዝና ይጠበቃል፤ ጎብኚ የሚያየው ቅጂዋን ነው። አፋር ላይ የሚታይ ነገር ይኑር አይኑር የሚለው የዚያን ዘመን ጥያቄ አልነበረም።

በዚያው ዘመን ግን፣ ብዙ ሰው ባያስታውሰውም፣ በተቃራኒው የሠራ ፕሮግራም ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ የባህል ሚኒስቴርና በሚኒሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና ቤተ መጻሕፍት ተባብረው የየገዳሙን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሡ። ወሎም ደርሷቸዋል፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ታላላቅ መጻሕፍት ከተነሡት መካከል ናቸው። መጽሐፉ በዕቃ ቤቱ ይቀራል፤ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንድ ቅጂ አሜሪካ ይሄዳል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሕይወታቸውን የሰጡበት የመግለጫ መዝገብ ከዚህ የወጣ ነው። መጽሐፉ ቢጠፋ ምስሉ አለ፤ ቢሰረቅ ማንነቱ ይታወቃል። ስለ ሙዚየሞች ትብብር በሀገራችን የተጻፈ መመሪያ ቢጠፋ እንኳ ይህ አንድ ሥራ መመሪያ ይሆናል። ዋናውን ሳያነሣ ዕውቀቱን አካፍሏልና። ክፍተቱ የገዳሙ ካህን ያን ፊልም ማየት ቢፈልግ አዲስ አበባ መሄድ የነበረበት መሆኑ ነው።

ደሴ የራሷን ሙዚየም ያገኘችው በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ቤት ነው። ከንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ጋር ሆኖ የወሎን የቅርብ ዘመን ታሪክ የሚያሳይ አድራሻ ሆነ። ከወረኢሉም ከመካነ ሰላምም ላለ ተማሪ ታሪኩን በዕቃ አይቶ የሚመለስበት ቅርቡ ከተማ እሱ ነው። ክልሎች ከተዋቀሩ በኋላ ደግሞ ሌሎቹም ተስፋፉ። ሐረር፣ ጅማ፣ አክሱም፣ ጂንካ፣ ኮንሶ፣ ውቅሮ ሁሉም የየራሳቸውን ከፈቱ ወይም አደራጁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 209 የምዝገባንና የጥበቃን ሥርዓት ደነገገ፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 839 ደግሞ ቅርሶችን ብሔራዊና ክልላዊ ብሎ ለየ። ይኸኛው የድርሻ ሕግ ነው። ይህ ያንተ፣ ያ የኔ ይላል። መዋዋስ ግን በድርሻ ሕግ አይመጣም። ድርሻ ከተለየ በኋላ የሁለቱ ወገን ሠራተኞች ደብዳቤ የሚጻጻፉት ብዙ ጊዜ ለሪፖርት ነው።

ታዲያ የክልል ሙዚየሞች ዕውቀቱን ከየት አመጡት? ከውጭ። ይህን ስመለከት እደነቃለሁ፤ ደስ ብሎኝ ግን አይደለም። ጂንካ ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ የጥናት ማዕከልና ሙዚየም በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተመሠረተው በጀርመን የማይንዝ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ትብብር ነው። ውቅሮ ላይ የመቃብር ጋዕዋ ግኝቶች የሚታዩበት ሙዚየም የቆመው በጀርመን የአርኪዮሎጂ ተቋም አጋርነት ነው። የመልካ ቁንጥሬ የመስክ ሙዚየም የጣሊያን ተመራማሪዎችን አሻራ የያዘ ነው። አሁን ደግሞ ከአዲስ አበባ ጋር የተሳሰረ እንዲህ ያለ ጠንካራ ምሳሌ ፈልጉ። ልምዱ ቀጭን ነው። ከጂንካ ወደ ማይንዝ ያለው የሙያ መንገድ ከጂንካ ወደ አምስት ኪሎ ካለው አጭር ሆነ። በቦረና በኩል ዓባይን እያዩ ለሚኖሩ ሰዎች "የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው" የሚለው ተረት ተብራርቶ አይነገራቸውም።

ኬንያ ሌላ መንገድ ይዛለች። የኬንያ ብሔራዊ ሙዚየሞች የሚባል አንድ ተቋም ናይሮቢ ላይ ሆኖ ኪሱሙን፣ ኪታሌን፣ ላሙን፣ የሞምባሳን ፎርት ጂሰስ በአንድ ጥላ ያስተዳድራል። ይህ አሠራር የራሱ ድክመት አለው፤ ሁሉም ውሳኔ ከናይሮቢ ይጠበቃል። ነገር ግን የናይሮቢ የጥገና ባለሙያ ላሙ ላይ ቢሠራ የሌላ መሥሪያ ቤት እንግዳ ሆኖ አይደለም። ለኛ ሀገር ያ ቅርጽ ይሁን አልልም፤ ፌዴራል ሥርዓታችን አይፈቅደውም፤ ክልሎችም አይቀበሉትም። ግን የአንድ ጥላውን ጥቅም ያለ አንድ ጥላ የሚያስገኝ ውል ያስፈልጋል፤ እሱም የለም ማለት ይቻላል።

ከነዚህ ሁሉ ዓመታት የ2014 ዓ.ም. መኸር ብቻውን መነገር አለበት።

በአዲሱ ዓመት መባቻ አካባቢ ለንደን ውስጥ ሼሄራዛድ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ከመቅደላ የተዘረፉ ዕቃዎችን ገዝቶ ለኢትዮጵያ ኤምባሲ አስረከበ። ዘውድ፣ ጋሻ፣ በብር የተለበጡ የቀንድ ዋንጫዎች፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ መስቀሎች ነበሩበት። ከዕቃዎቹ አንዳንዶቹ እንግሊዝ ውስጥ ለጨረታ ቀርበው በኢትዮጵያ አቤቱታ ከጨረታው የወጡ ናቸው። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ደረሱ፤ በብሔራዊ ሙዚየም ለሕዝብ ታዩ፤ ያኔ የቱሪዝም ሚኒስትር የነበሩት ናሲሴ ጫሊ ንግግር አደረጉ። ከ150 ዓመት በላይ የተጠበቀ ቀን ነውና ደስታው ተገቢ ነበር።

በዚያው ኅዳር ደሴ በሰሜኑ ጦርነት ተይዛ ነበር። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ድረስ ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በቆየችበት ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ፤ ተጎዳ። የጦርነቱ እሳት ወረኢሉንም ደርሷታል። ከደቡብ ወሎ አምባ በ1860 የወጣው ዕቃ አዲስ አበባ ላይ አበባ ሲበረከትለት፣ በደቡብ ወሎ ዋና ከተማ የቀረው ዕቃ በዚያው ወር ይዘረፍ ነበር። አንዱ ዜና የዓለም ጋዜጦችን ሞላ፤ ሌላው ከሆስፒታሎችና ከፋብሪካዎች ዘረፋ ዜና በታች ተጽፎ አለፈ። ሆስፒታል መቅደሙ ልክ ነው። ግን በቅርስ ሰዎች መካከል እንኳ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ገጽ ሲጻፉ ያየሁት በጥቂቱ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት በሁለት በኩል የተሳለ ነው። አንደኛው ወገን "ይኸው፣ ዋናው ቅርስ አዲስ አበባ መሆኑ በጀ" ይላል፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ሌላው ወገን ግን የሚጠይቀው አለ። የደሴ ሙዚየም የዕቃ መዝገብ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ከየአቅጣጫው ከተነሣ ፎቶግራፍ ጋር፣ በሌላ ከተማ ባለ ሌላ ሙዚየም ቅጂው ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ የተዘረፈውን ማደን ምን ያህል ይቀል ነበር? ጦርነት ሲቃረብ ዕቃ በማን ትእዛዝ፣ በየትኛው መኪና፣ ወደ የትኛው መጋዘን ይነሣል የሚል የጋራ ዕቅድ ቢኖርስ? የሙዚየሞች ትብብር ሲባል ሰው የሚያስበው የሪባን ቆረጣና ዐውደ ርእይ ነው። ለደሴ የሚያስፈልገው ግን አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክና አንድ የተፈረመ የመልቀቂያ ዕቅድ ነበር።

የለንደኑ ጉዳይ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ፍጥነቱን ጨምሯል። ከዚያ በፊት የነበረውን በአጭሩ ላንሣው። ሪቻርድ ፓንክረስት ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩበት የመቅደላ ቅርሶች አስመላሽ ማኅበር፣ በአጭሩ አፍሮሜት፣ ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ ጉዳዩን ሕያው አደረገ። በ1994 ዓ.ም. ኤድንበራ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን የተገኘ ታቦት ተመልሶ አዲስ አበባ በእልልታ ተቀበለችው። መጋቢት 2010 ላይ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የመቅደላን 150ኛ ዓመት በዐውደ ርእይ ሲያስብ ዳይሬክተሩ ትሪስትራም ሀንት ዕቃዎቹ ለረጅም ጊዜ በውሰት ወደ ኢትዮጵያ ሊሄዱ እንደሚችሉ ተናገሩ። ኢትዮጵያ የምትጠይቀው ምላሽ እንጂ ውሰት አይደለም። መጋቢት 2011 የብሪታንያ ብሔራዊ የጦር ሙዚየም የቴዎድሮስን የፀጉር ቁራጭ አስረከበ፤ ያመጡት ያኔ የባህልና ቱሪዝም ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሂሩት ካሳው ናቸው። መስከረም 2016 የቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁ ፀጉርና አንድ ታቦት ለንደን ላይ ተረከብን። በየካቲት 2016 የዌስትሚንስተር አቢ አስተዳዳሪዎች በእጃቸው ያለውን ታቦት ለመመለስ በመርህ ተስማሙ፤ በዚያው ወር ኒውካስል ላይ ለጨረታ የቀረበ የመቅደላ ጋሻ ከጨረታ ወጥቶ በኋላ ወደ ሀገር ገባ። ብሪቲሽ ሙዚየም ግን 11 ታቦቶች በመጋዘን ይዞ ቁጭ ብሏል። ለማንም አያሳያቸውም፤ የራሱ ሠራተኞችም አያዩአቸውም። ሙዚየም የማያሳየውን፣ የማያጠናውን ዕቃ ለምን እንደሚይዝ የሚያስረዳ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. የ1963 የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ ነው ይባላል። ሕግ ሰው ሠራሽ ነው።

ኢትዮጵያ ውሰቱን አለመቀበሏን ብዙ ሰው እንደ ክብር ያየዋል፤ እኔም በመርህ ደረጃ አልቃወመውም። የራስን ዕቃ ተውሶ መፈረም ባለቤትነትን ማጠያየቅ ነው። ጋና ግን በሌላ በኩል ሞክራዋለች። የአሳንቴ ወርቅ መጀመሪያ የተዘረፈው ከመቅደላ 6 ዓመት በኋላ ነው። ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ላይ ብሪቲሽ ሙዚየምና ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም 32 ዕቃዎችን ለ3 ዓመት በውሰት ላኩ። ውሉ የተፈረመው ከአክራ ጋር አይደለም፤ ዕቃው ወደ አክራ አልሄደም። በቀጥታ ወደ ኩማሲ፣ ወደ አሳንቴው ንጉሥ ማንህያ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሄደ። የውሰቱን ነገር ብንነቅፈውም ይህኛው ክፍል ለኛ ዐይን የሚከፍት ነው። ዕቃው ከተነሣበት ከተማ ደረሰ። የኩማሲ አዛውንት ዕቃውን ለማየት ወደ መዲና መጓዝ አላስፈለጋቸውም። ከመቅደላ የወጣ ዕቃ ተመልሶ ተንታ፣ ወረኢሉ ወይም መካነ ሰላም ላይ ለአንድ ወር እንኳ ለእይታ እንዲበቃ የሚል ክርክር በኛ ዘንድ ጎልቶ አልተሰማም።

አቅም የለንም የሚለው ሰበብ አያሳምነኝም። ሉሲ ከ1999 እስከ 2005 ዓ.ም. አሜሪካ ሂውስተን ላይ ጀምራ ተዘዋውራ ተመልሳለች፤ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሰላም ከተባለችው ቅሪተ አካል ጋር ሆና ለ60 ቀን ፕራግ ሄደች። ለዚህ የውሰት ውል፣ ኢንሹራንስ፣ የዕቃውን ይዞታ የሚመዘግብ ሰነድ፣ ልዩ ሳጥን፣ አብሮ የሚጓዝ ባለሙያ ያስፈልጋል። ባለሙያዎቻችን ይህን ሁሉ ያውቁታል፤ ያለ ስሕተት ሠርተውታል። ፕራግ ድረስ የተሠራው ሳጥን ደሴ ድረስ ለምን አይሠራም? የጸጥታው ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ በአማራ ክልል ያለው ሁኔታ ሳይረጋጋ ውድ ዕቃ ይጓዝ የሚል ሰው የለም። ግን ያ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ውሉንና ሥርዓቱን ማዘጋጀት ሰላምን አይጠብቅም። ቅጂ መላክ ደግሞ ከዚያም ይቀላል። ብሔራዊ ሙዚየሙ የቅሪተ አካል ቅጂ የሚሠሩ እጆች አሉት፤ የተመለሰውን ዘውድና ጋሻ ቅጂ ሠርቶ ወደ ወሎ መላክ የቴክኒክ ሳይሆን የሐሳብ ጉዳይ ነው።

በዚህ ረገድ አንድ ነገር ብቻ በትክክል ሄዷል፤ እሱም ከክብደቱ የተነሣ ነው። ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት፣ ከደብረ ታቦር ጀምሮ መንገድ እየተጠረገለት በወራት ጉዞ መቅደላ የደረሰው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል። እንግሊዞች ትተውት ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ መንግሥትም አላነሣውም። ዋናው መቅደላ ላይ አለ፤ ቅጂው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል። ማዕከሉ ቅጂ ይዞ ወረዳው ዋናውን የያዘበት ምሳሌ ይህ ነው። አደባባዩ ላይ ፎቶ የሚነሣ የአዲስ አበባ ልጅ ዋናውን ማየት ሲያምረው ወደ ወሎ መውጣት አለበት። ይህ ለቱሪዝምም ለፍትሕም የሚበጅ አሠራር ነው፤ እንዲያው ቀላል ዕቃ ላይም ቢሞከር።

ወደ ዕውቀቱ ስንመጣ ነገሩ ወደ ዕቃ ቤት ይመራል። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ዋናው ቅርስ ያለው በሙዚየም አይደለም። ሳይንት ላይ እንደ ተድባበ ማርያም ባሉ ጥንታውያን ደብሮች ዕቃ ቤት፣ በየመስጊዱና በየሐድራው፣ በየሼኩ ቤት በዐረብኛና በዐጀም በተጻፉ ኪታቦች ነው። ይህን የሚጠብቁት ገበዙ፣ ካህናቱና ሼኹ ናቸው። የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሰው በዓመት አንድ ጊዜ የምዝገባ ቅጽ ይዞ ይመጣል፤ የዕቃውን ስም፣ ቁመትና ወርድ ጽፎ ይሄዳል። ብዙ ካህናት ምዝገባን የሚሸሹት ክፋት ኖሯቸው አይደለም። የተመዘገበ ዕቃ ይሰረቃል ወይም ወደ ከተማ ይወሰዳል የሚል የቆየ ፍርሃት አለ፤ ታሪካችንም ፍርሃቱን አላስተባበለውም። ታቦት ደግሞ ጨርሶ ለዐይን የሚቀርብ አይደለም፤ ሙዚየም የቱንም ያህል ቢዘምን ይህን ማክበር አለበት።

ስለዚህ ትብብሩ የሚጀመረው ዕቃ በመጠየቅ ሳይሆን ሰው በመላክ ይመስለኛል። ብሔራዊ ሙዚየሙ አጠገብ ያለው የቅርስ ባለሥልጣን የጥገና ክፍል ሁለት ባለሙያ ለሁለት ሳምንት ቢልክ ብራና ከምስጥ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ሥዕል የተሣለበት ሸራ ለምን በሳሙና እንደማይታጠብ ለገበዙና ለወረዳው ሠራተኛ ማሳየት ይችላል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ግቢ አለው። ካሜራና ስካነር ያለው አንድ ክፍል እዚያ ቢኖር፣ ከሐይቅ የተነሡት ማይክሮፊልሞች ያደረጉትን ለሳይንትና ለቦረና ዕቃ ቤቶች ማድረግ ይቻላል። ቅጂው አንዱ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱም ካህናቱ ራሳቸው የሚያዩት ሆኖ በደብሩ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ገበዙ የደብሩን መጽሐፍ ምስል ለማየት አዲስ አበባ አይሄድም።

አንድ መሰናክል ግን አለ፤ ገንዘብ አይደለም። የሠለጠነው ሰው አይቆይም። የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ባለሙያ ሥልጠና ወስዶ ሲመለስ በሠራተኛ ድልድል ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት ይዛወራል፤ አንዳንዴም ራሱ ለተሻለ ደመወዝ ይሄዳል። የሚተካው ሰው ከባዶ ይጀምራል። የካህኑ ዕውቀት ግን አይዛወርም፤ ደብሩ ላይ ተወልዶ ደብሩ ላይ የሚቀበር ሰው ነው። ሥልጠናው መጀመሪያ ለእሱ ቢሰጥ ትርፉ ይበልጣል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባለሙያም ከገበዙ የሚማረው አለ። የብራና አዘገጃጀት፣ የቀለም ቅመማ፣ መጽሐፍ በማኅደር አገባብ በዩኒቨርሲቲ የማይገኙ ሙያዎች ናቸውና።

የኩማሲው ውል የመጀመሪያ ዘመኑ በ2019 ዓ.ም. ይሞላል፤ ይታደሳል፣ ይመለሳል ወይስ እዚያው ይቀራል የሚለው ያኔ ይታያል። ዌስትሚንስተር ላይ ያለው ታቦት ሲመጣ ደግሞ ማን ይቀበለዋል፣ ወዴትስ ይገባል የሚለውን መንግሥትና ቤተ ክህነት ከአሁኑ መነጋገር አለባቸው። ለዚያ ውይይት የሚጠራ ኮሚቴ ሲቋቋም ከተንታና ከመቅደላ የሚመጣ አንድ ሰው ስሙ ከዝርዝሩ ውስጥ ይግባ።